ቮልስ ፈትቶ ስፖርት መኪና መሥራት ቅንጦት ነውን?

ስለ ስፖርት መኪና በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ መጻፍ በመጀመሪያ ሲታይ የሚያስቅ ነገር ሊመስል ይችላል። አንባቢው «የምዕራብ ጎጃም ገበሬ የማዳበሪያ ያለህ በሚልበት ጊዜ እነዚህ ልጆች ስለ ሁለት ሰው መኪና ያወራሉን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ሳንሸሸው ከዚያው እንጀምራለን። የምንከራከርለት ነገር ይህ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር፥ በየጓሮውና በየጋራዡ ሥር የወደቀውን የአሮጌ መኪና ዕቃ ሰብስቦ፥ አንድ ትንሽ ስፖርት መኪና በቤት ገጣጥሞ ማስነሣት ቅንጦት አይደለም። አንድን ነገር ከእግሩ እስከ ራሱ አውቆ የመጨረስ ትምህርት ነው። ይህም ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እጅግ የጐደለን ነው።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ስፖርት መኪና ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የሀብታም ልጅ በአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ የሚያስጮኸው ቀይ መኪና ነው። የነገሩ አመጣጥ ግን እንዲህ አልነበረም። ስፖርት መኪና ማለት ቀላል፥ ዝቅ ያለ፥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፥ ለጭነት ሳይሆን ለመንዳት ደስታ የተሠራ መኪና ማለት ነው። ምስጢሩ የሞተሩ ትልቅነት ሳይሆን የአካሉ ቀላልነት ነው።

ዛሬ ስሙ ሲጠራ ሀብት ሀብት የሚሸተው ፖርሽ እንኳ የተወለደው በችግር ቀን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የፖርሽ ሰዎች ሥራቸውን ይዘው ግሙንድ ወደምትባል የኦስትሪያ የተራራ ከተማ ሸሹ፤ ያረፉበትም ቤት የእንጨት መሰንጠቂያ ነበር። በዚያ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1948 በስማቸው የተጠራውን የመጀመሪያ ስፖርት መኪና፥ 356 የተባለውን ሲሠሩ፥ ሞተሩንና ሌላውንም ብዙ ዕቃ የወሰዱት ከፎልክስዋገን፥ ማለት እኛ «ቮልስ» ከምንለው መኪና ነው። ሞተሩ 35 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ ነገር ግን መኪናው በሙሉ 585 ኪሎ ብቻ ስለ መዘነ ያ ጉልበት በቂው ነበር። ቀጥለው የሠሯቸውን መኪኖች አካል በእንጨት ቅርጽ ላይ የአሉሚኒየም ላሜራ እያሳረፉ በመዶሻ እየቀጠቀጡ አወጡት። እንግዲህ ያስፈለጋቸው የእንጨት መሰንጠቂያ፥ መዶሻ፥ ላሜራና ቮልስ ነው። ከእነዚህ ከአራቱ ቡሬ ላይ ፈልገን የምናጣው የትኛውን ነው?

በእንግሊዝ አገርም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ሎተስ የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣውን ሎተስ ሰባት የተባለውን መኪና ዕቃው ሳይገጠም ይሸጠው ስለ ነበረ፥ ገዢው ቅዳሜና እሑድ በጓሮው እየገጠመ ይጨርሰው ነበር። እንዲህ ያለው መኪና ቀረጥ ይቀልለት ስለ ነበር አስተማሪውም ጸሐፊውም አቅሙ ቻለው። ሮን ቻምፒዮን የተባለ እንግሊዛዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ከአንድ የወደቀ ፎርድ መኪና ዕቃ እየነቀሉ በ250 ፓውንድ ስፖርት መኪና መሥራት እንደሚቻል ከነልኩ አሳየ። በአሜሪካ ብሩስ ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1964 በቮልስ ዕቃ ላይ ቀላል የፋይበር አካል አስቀምጦ በአሸዋ ላይ የሚጋልብ ክፍት መኪና አወጣ። ከእርሱ በኋላ ብዙዎች የቮልስን ወለል 36 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው እያሳጠሩ የየራሳቸውን ሠሩ። በሦስቱም አገር ሥራውን የጀመረው ሀብት ሳይሆን ጉጉትና የወደቀ ዕቃ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ቮልስ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ስንት አስተማሪ፥ ስንት ሐኪም፥ ስንት የመንግሥት ሠራተኛ ልጆቹን በእርሱ አሳድጓል! በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ፋብሪካ ወጥቶ ሥራው ተዘግቷል። በአዲስ አበባ ግን ዛሬም ይሮጣል፤ እያደሱና መልኩን እየለዋወጡ የሚሸጡት ጋራዦችም አሉ።

ይህ መኪና ለጀማሪ ሠሪ የተመቸ የሆነበት ምክንያት አሠራሩ ግልጽ ስለ ሆነ ነው። አካሉ ከወለሉ ጋር የተያያዘው በብሎን ነው፤ ብሎኖቹ ሲፈቱ እንደ ቆብ ተነሥቶ ይቀመጣል። ከሥሩ የሚቀረው በመካከሉ እንደ ጀርባ አጥንት ያለ ቱቦ የሚያልፍበት ወለል፥ አራት ጎማ፥ መሪ፥ ካምቢዮና ሞተር ነው፤ እንዲሁ እንዳለ ሊነዳም ይችላል። ሞተሩ በስተኋላ በአራት ቦታ ብቻ ስለ ታሰረ ሁለት ሰው ተጋግዞ ያወርደዋል። የሚቀዘቅዘው በነፋስ ስለ ሆነ ራዲያተር የለው፥ የሚፈላ ውሃ የለው፥ የሚፈነዳ ጎማ ቱቦ የለው። እንግዲህ አንድ ተማሪ ሞተር ምን እንደ ሆነ በዓይኑ አይቶ በእጁ ዳስሶ ለማወቅ ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ አያገኝም።

ዕቃውስ ከወዴት ይመጣል? ለዚህ መልሱ አንድ ቃል ነው፤ ከየትም። በአዲስ አበባ መርካቶ አጠገብ ሶማሌ ተራን ያየ ሰው መኪና የተባለ ፍጥረት ሁሉ በጅማትና በብልት ተለይቶ እንደ ቅርጫ ሥጋ ተደርድሮ አይቷል። ምናለሽ ተራ የገባም ሰው፥ ሌላው የጣለውን ቆርቆሮና ብረት የሚያነሡ እጆች ምን እንደሚያወጡበት አይቷል። ነገር ግን እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ሳንሄድ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መንገድ ላይ በየቀኑ የምናየውን እንመልከት። በፈረስ የሚጐተተው ጋሪ ምንድን ነው? ከአሮጌ መኪና የተነቀለ የጎማ ዘንግ፥ ኩሽኔታውና ጎማው፥ በላዩ በቡሬ ብረት ቤት የተበየደ ብረት፥ በብረቱ ላይ የአገር ቤት ጣውላ። ይህን የሠራው ሰው ከተበታተነ ዕቃ የሚሄድ ነገር መሥራትን ከእኛ ሳይማር ያውቃል። የጐደለው ሞተሩ ብቻ ነው፤ እርሱንም ፈረሱ ተክቶለታል። ስለዚህ ስፖርት መኪና በቤት መሥራት ከውጭ የተቀዳ እብደት ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ በዳሞት አገር ጋሪ ከተሠራ ብዙ ዘመን እንደ ሆነው እናስታውሰዋለን።

እርግጥ አገሩ የራሱን ሕግ ያወጣል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ፥ ቡሬ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ይገኛሉ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሣሣል፤ ሞተርም እንደ ሰው የሚኖረው በሚተነፍሰው አየር ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ 34 የፈረስ ጉልበት ያለው የ1,200 ሲሲ ቮልስ ሞተር ቡሬ ሲደርስ የ27 ያህል ብቻ ይሆናል። አየሩ ሣሥቶ ቤንዚኑ እንደ ቀድሞው ከፈሰሰ ጢሱ ይጠቁራል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። መድኃኒቱ በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በጠበበ መለወጥ ነው። የቀረውን ጉልበት ደግሞ ክብደት በመቀነስ እንመልሰዋለን። ይህ ስሌት በትምህርት ቤት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢጻፍ ግማሹ ክፍል ያንቀላፋል፤ በገዛ እጁ የገጠመው መኪና ወደ ቡሬ የሚወስደውን ዳገት አልወጣም ያለው ተማሪ ግን አንቀላፍቶ አያመልጠውም።

መንገዱም እንዲሁ ሕግ አለው። የአውሮፓ ስፖርት መኪና ሆዱ መሬት ሊነካ ጥቂት ይቀረዋል። በእኛ አገር እንዲህ ያለው መኪና አስፋልቱን ለቆ ኮብልስቶን ላይ እንደ ወጣ ይቧጠጣል፤ በክረምት ቀዩ አፈር ሲጨቀይማ እስከ መስከረም ከገባበት አይወጣም። ስለዚህ የእኛ ስፖርት መኪና ከመሬት ከፍ ያለ፥ ሆዱ በወፍራም ላሜራ የተሸፈነ፥ አካሉ ክፍትና ቀላል የሆነ፥ በገበያ ቀን በከብትና በጋሪ መካከል በዝግታ ለመሄድ የማያፍር መኪና መሆን ይገባዋል። መልኩ የጣልያኑን ላይመስል ይችላል፤ ባይመስልም አናዝንም። ከሰው አገር ሥዕል የተቀዳ ሳይሆን ከመሬታችን የወጣ ይሆናልና።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ዕቃው ካለ፥ አሠራሩ ከታወቀ፥ ጋሪውም ካስተማረን፥ እኛ ተማሪዎች ይህን ሥራ ያልሞከርነው ስለ ምንድን ነው? ገንዘብ ስለ ሌለን ነው ብንል ግማሹን እውነት ብቻ መናገራችን ነው። ሌላው ግማሽ በእጅ የሚሠራን ሰው የምናይበት ዓይን ነው። በአገራችን፥ በጎጃምም ጭምር፥ ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ጠይብ፥ ቡዳ እያሉ መስደብ፥ ማረሻውን ከእጁ ተቀብሎ ማዕዱን ግን አለመካፈል የቈየ ነውራችን ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን ሰው የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል፤ እንዲህ ያለውን ሰው የሚሰድብ እርሳቸውን እንደ ሰደበ እንደሚቈጠርም አስታወቁ። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባውም በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው። አውቶሞቢሉን ተቀበልነው። አዋጁን ግን እስከ ዛሬ በሙሉ ልብ አልተቀበልነውም። ከእኛ መካከል ጋራዥ ውስጥ ዘይት ለብሶ የሚሠራ ወንድም ያለው ተማሪ ስለ እርሱ ሲጠየቅ «በግል ሥራ ላይ ነው» ብሎ የሚያልፈው ለምንድን ነው?

የታሪካችን ሌላ ገጽም አንድ ማስጠንቀቂያ ይዟል። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የነበሩትን የውጭ አገር ሠራተኞች አስገድደው እ.ኤ.አ. በ1867 ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠሩ፤ በተራራና በገደል አስጐትተው መቅደላ ለማድረስም ወራት ፈጀባቸው። ንጉሡ ሲወድቁ ሠራተኞቹ ወደየአገራቸው ሄዱ፤ ጋፋትም ተበተነ። መድፉ ቀረ፤ ሙያው ግን አልቀጠለም። በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደግሞ ሉድቪግ ቬበር የተባለው የንጉሠ ነገሥቱ ጀርመናዊ አብራሪ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን በአዲስ አበባ ሠራ። ጣልያን ወስዷት ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገርዋ ተመለሰች። በመመለስዋ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ነገር ግን ከደስታችን ጋር አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነበረብን፤ ፀሐይን የሠሩት እጆች ሙያቸውን ለማን አስተላለፉ? ዕቃው ሲመለስ ደስ የሚለን፥ ሙያው ሲጠፋ የማይቈጨን ሕዝብ መሆን የለብንም።

በእኛ ዘመን አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ኢትዮጵያዊ አብራሪ የመሆን ምኞቱ ባይሳካለት፥ ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት ላይ እየተማረ፥ ዕቃ ከያለበት እየለቀመ፥ በ570 ቀን ውስጥ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ለማስነሣት ሲሞክር አልበረረለትም። በዚያን ጊዜ የሣቁ ሰዎች ነበሩ። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ 570 ቀን አንድን ሥራ ይዞ የቈየ፥ እያንዳንዱን ብሎን በስሙ የሚያውቅ ሰው፥ ሳይበርም ቢሆን፥ አንድን ነገር ጀምሮ ሳይጨርስ ከሚመረቀው ከብዙዎቻችን የተሻለ ተምሯል።

አሁን እኛን፥ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎችን፥ በቀጥታ ወደሚመለከተው ነገር እንምጣ። «ይህ የኢንጂኔሪንግ ልጆች ጉዳይ ነው፤ እናንተ ግጥማችሁን ጻፉ» የሚለን ብዙ ነው። እንዲህ ለሚሉን የምንመልሰው በአንድ የቡሬ ጋራዥ የሰማነውን ነው። በዕድሜ የገፉ መካኒክ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ተደራራቢ ብረት ሲያወጡ፥

«ጋሼ፥ ይህ ብረት ምን ይባላል?» አልናቸው።

«ባሌስትራ ነዋ፥ ልጆቼ።»

«በአማርኛስ?»

ሣቅ ብለው «ይኸው አማርኛ አይደለም እንዴ?» አሉን።

እውነታቸውን ነው። ባሌስትራ፥ ካንዴላ፥ ፍሬን፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ቴስታታ፥ ኩሽኔታ፥ ላሜራ፥ ካቻቢቴ፥ ጎሚስታ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ከቡሬ ምሽጉ ሲወጣ መድፉንና ዕቃውን ለማውጣት ታገለ፤ ቃላቱን ግን ለአገሩ ትቶ ሄደ። መካኒኮቻችንም ተቀብለው አለዘቧቸው፥ አማርኛ አደረጓቸው። ይህን የሚያህል ሕያው ቋንቋ በአገራችን ጋራዦች ሁሉ እየተነገረ፥ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ተጽፎለታል? የቃሉን አመጣጥ፥ የዕቃውን ሥዕል፥ ሥራውንም ጭምር የሚያስረዳ አንድ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት የእኛ ድርሻ አይደለምን? ከማንኩሳ የተነሣውን በዛብህን በፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቀለም ያጠና ልጅ ነው። በዚያው በማንኩሳ መንገድ ላይ ሞተር ፈትቶ የሚገጥመውን ወጣት የሚተርክ ልብ ወለድ ግን ገና ከእጃችን አልወጣም። የእጅ ሙያን የምንንቀው ምናልባት በቃላት ስላላከበርነው ይሆናል።

ተቃውሞዎቹን ደግሞ አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። ደኅና ቮልስ ዛሬ ዋጋው እንደ ከፈለ አይካድም። ነገር ግን እኛ የምንፈልገው ደኅናውን አይደለም፤ አካሉ የዛገውን፥ ሞተሩ የወረደውን፥ ባለቤቱ ከጓሮው ቢነሣለት የሚመርቀውን ነው። አንድ ሰው ብቻውን የማይገዛውን ዐሥር ሰው በዕቁብ ይገዛዋል። አንድ ሰው በዓመት የማይጨርሰውን ዐሥር ሰው በደቦ በአንድ ክረምት ይጨርሰዋል። ዕቁብና ደቦ ለዚህ ሥራ አልተፈጠሩም የሚል ሕግ የለም።

ሁለተኛው ዘመኑ አልፏል የሚለው ነው። መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ መንገዱም ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞሯል። ታዲያ የቤንዚን ቮልስ መገጣጠም ወደ ኋላ መሄድ አይደለምን? አይደለም። መሪው፥ ፍሬኑ፥ ኩሽኔታው፥ የጎማው እግር በኤሌክትሪክ መኪናም ያው ነው። እንዲያውም ቮልስ ሞተሩ በቀላሉ ስለሚወርድ፥ በቦታው የኤሌክትሪክ ሞተር አስገብተው የሚነዱት በብዙ አገር አሉ። አዲሱ መኪና በባትሪና በኮምፒዩተር ተሸፍኖ ሲመጣ፥ ከሥሩ ያለውን ብረት የሚያውቅ ሰው ከሌለ፥ ሲበላሽ የምናደርገው ነገር ቢኖር ቆሞ ማየት ብቻ ነው። በቡሬ የተቀናጀው የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ትልልቅ ማሽኖች ወደ አካባቢያችን ገብተዋል። የሚጠግናቸው ሰው ሁልጊዜ በአውሮፕላን እንዲመጣ እንፈልጋለንን?

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ይኸውም የሰው ሕይወት ነው። በቤት የተሠራ መኪና ሰው ሊገድል ይችላል። ይህን በቀላሉ የሚያልፍ ሰው መኪና ሊሠራ አይገባውም። አሮጌው ቮልስ የፍሬን ዘይቱ በአንድ መስመር ስለሚሄድ፥ አንዱ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። ስለዚህ መስመሩን ለፊትና ለኋላ ከፍሎ መለወጥ ያስፈልጋል። ወለሉ ተቈርጦ ከተበየደ ደግሞ ብየዳውን የሠራው ሰው ብቻ ሳይሆን ሌላ ዐዋቂም ሊመረምረው ይገባል። የሥራውም ተራ እንዲህ መሆን አለበት፤ በመጀመሪያ ፍሬን፥ ቀጥሎ መሪ፥ ከዚያ ወንበርና ቀበቶ፥ በመጨረሻ ሞተር። የማያቆሙትን ነገር ማስነሣት አይገባምና።

ሕጉም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ያለ ሻንሲ ቁጥርና ያለ ሞተር ቁጥር ሊብሬ የለም፤ ያለ ምርመራ ቦሎ የለም። ይህ ትክክል ነው፤ የተሰረቀ መኪናም እንዳይሸጥ ይከላከላል። ስለዚህ ዕቃ ሲገዛ ወለሉን ከነሊብሬው፥ ሞተሩን ከነደረሰኙ መግዛት ግዴታ ነው። ነገር ግን ተማሪ በኮሌጁ ውስጥ የሠራው መኪና ቀርቦ የሚመረመርበት ግልጽ ደንብ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር በቤት የተሠራ መኪና ለብቻው ተመርምሮ፥ ፍሬኑ፥ መሪው፥ መብራቱ ሁሉ ታይቶ፥ ካለፈ መንገድ ይወጣል፤ ካላለፈ ጉድለቱ ተጽፎ ይመለሳል። የምንለምነው ምሕረት ሳይሆን ፈተና ነው። ፈተና ደግሞ የለመድነው ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ነገር አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የደረሰውን መከራ የማያውቅ አንባቢ የለም። መንገድ በተዘጋ ቁጥር መለዋወጫ አይመጣም። መለዋወጫ ሲታጣ የገጠሩ ወፍጮ ይቆማል፤ እናቶቻችን እህሉን ተሸክመው ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ በሽተኛ የሚያመላልሰውም መኪና ከቆመበት አይነሣም። በእንዲህ ያለ ቀን ከተማውን የሚያቆየው አዲስ ዕቃ የሚያስመጣው ነጋዴ ሳይሆን፥ ካለው ዕቃ የሌለውን ማውጣት የሚችለው ሰው ነው። የዚህን ዕቃ ኩሽኔታ ለዚያ ማሽን ይበቃል፥ የዚያን ዘንግ በቶርኖ ብናስተካክለው እዚህ ይገባል ብሎ የሚያስብ ሰው። ከተበታተነ ዕቃ ስፖርት መኪና የገጠመ ወጣት የተማረው ይህንኑ ነው። መኪናው ለደስታው ይሁን፤ ዕውቀቱ ግን ለወፍጮው ይውላል። ስለ ማዳበሪያውና ስለ ገበሬው ለጠየቀን አንባቢም መልሳችን ይኸው ነው።

እንግዲህ ለተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ካሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ጋር ተነጋግሮ፥ በክረምት የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎች አብረው የሚሠሩበት አንድ ግቢና አንድ የወደቀ ቮልስ እንዲገኝ ያድርግ። ግቢው ጣራ ያለው ከሆነ ይበቃል። ሁለተኛ፥ የአርት ፋኩልቲ ልጆች በየጋራዡ እየዞሩ ቃላቱንና ሙያውን ከአዛውንት መካኒኮች አፍ እንዲመዘግቡ ደብተርና የመንገድ ወጪ ይስጥ። የተመዘገበውም በዚህ መጽሔት በየጊዜው ይውጣ። ሦስተኛ፥ የሥራው ፍጻሜ ሲደርስ መኪናው በሕግ ተመርምሮ መንገድ የሚወጣበትን ደንብ ከክልሉ ትራንስፖርት ቢሮ በጽሑፍ ይጠይቅ።

ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ነገር ቢኖር፥ ዘይት የነካው እጅና ቀለም የነካው እጅ በአንድ ብሎን ላይ እንዲገናኙ መፍቀድ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አባቶቻችን። ዕቃው በየጓሮው ተበትኗል፤ ዕውቀቱም እንዲሁ በየሰዉ ተበትኗል፤ ግማሹ በመካኒኩ ጣት፥ ግማሹ በእኛ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። የክረምቱ ዕረፍት ሩቅ አይደለም። ካቻቢቴ ያለው ካቻቢቴውን፥ እርሳስ ያለው እርሳሱን ይዞ ይምጣ።